ዘጠነኛው ካርድ

ሰው የሽምግልና ቀን ሲቆርጥ «ከፋሲካ ማግስት» ወይም «ከመስቀል ወዲህ» ይላል። አርሴማና ይታያል ግን ቀኑን ለካርድ ሰጡት።

የተገናኙት ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው፤ 2001 ዓ.ም.። ባለሱቁ ዘንዶና ጠንቋይ የተሳለባቸው የጨዋታ ካርዶች በእሽግ ይሸጣል። አብዛኛው ተራ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ብርሃን ሲነካው የሚያብለጨልጭ ይወጣል። የመጨረሻዋን እሽግ ሁለቱም እኩል ያዟት። ተሳሳቁና አብረው ከፈቷት።

በሁለት ዓመት ስምንት የሚያብለጨልጩ ካርዶች ሰበሰቡ። ሲገኝ ቀኑን ከጀርባው ይጽፋሉ፤ አርሴማ ታስቀምጣለች። ከዘጠኙ የብሩ ዘንዶ ብቻ ቀረ።

«እሱ የተገኘ ዕለት ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት።

ዲያቆን ነውና ቃሉን አመነች። በየሳምንቱ «ተገኘ?» ትለዋለች፤ «ገና ነው» ይላታል። እሷም ሌላ ጠያቂ ሲመጣ እምቢ ትላለች።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መጽሐፍ በቆዳ ይደጉሳሉ፤ እሷ ታግዛቸዋለች። በ2005 ጥቅምት የይታያል እናት እማማ ታየች የልጃቸውን መዝሙረ ዳዊት ይዘው መጡ። የልጆቹን ነገር አያውቁም።

«መሪጌታ፣ ሳልነግረው ነው ያመጣሁልዎ። በጥር የደብረ ኤልያሷን ማርያማዊትን ያገባል፤ ካጨናት ዓመት ሆናት። ከዚያ ቅስና ይቀበላል። በዚህ ቡትቶ ሽፋን እንዴት ይሆናል?»

አርሴማ ዳዊቱን ከእማማ ታየች እጅ ተቀበለች። ማምሻውን አሮጌውን ቆዳ ስትገፍፈው ከቆዳውና ከሽፋኑ እንጨት መካከል የብሩ ዘንዶ ወጣ። ከጀርባው በይታያል እጅ «ሚያዝያ 12፣ 2003» ተጽፏል። ማርያማዊት ከመታጨቷ ስድስት ወር በፊት መሆኑ ነው። አለቀሰች፤ ያስለቀሳት ማርያማዊት አልነበረችም፣ ያ ሁሉ «ገና ነው» እንጂ።

በሳምንቱ ይታያል ዳዊቱ የት እንደሄደ ሰምቶ እያለከለከ መጣ። ከእሷ በፊት ዓይኑ መጽሐፉ ላይ አረፈ።

«ዘንዶው ተገኘ?» አለችው እንደ ወትሮዋ።

«ገና ነው» አላት።

እውነቱን ቢነግራት ይቅር ትለው ነበር። ሞኝ ናት፤ ትወደው ነበራ። መጽሐፉን በሁለት እጇ አቀበለችው።

«ቆዳውን ዙሪያውን በድርብ ክር ሰፍቼዋለሁ። ከውስጡ ያለው አይወጣም።»

ይታያል ሽፋኑን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አርሴማ…»

«ስምንቱንም አብሬ ሰፍቻቸዋለሁ» አለችው። «ዘጠኙ ሞልቷል። ሽማግሌ ግን እንዳትልክ።»