ዜሮ የተባሉት

ምንትዋብ ጧት ጧት የተኙትን መንገደኞች ትመለከታለች። መርከቧ ማርስ እስክትደርስ መንገደኞቹ በቀዝቃዛ ሣጥኖች ውስጥ ይተኛሉ። የእያንዳንዱ ሰው ሕይወት በዜሮና በአንድ መካከል ባለ ቁጥር ይለካል። ቁጥሮቹ ንብርብር ሆነው የሚደረደሩበትን ሰንጠረዥ ቴንሰር ይሉታል። ዜሮ ማለት ሬሳ ነው፤ ለሬሳ ደግሞ አየር አይሰጥም።

ያን ዕለት ስክሪኑን ስትከፍት ዐይኗን ማመን አቃታት። ከላይ እስከ ታች ዜሮ ብቻ!

ከመኝታው አዳራሽ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ። የአየር ቧንቧዎቹ እየተዘጉ ነበር።

«ጋሽ ደጀኔ! ኮምፒውተሩ አየሩን እየዘጋባቸው ነው!»

ዋናው መሐንዲስ እየሮጡ መጡ። ስክሪኑን ሲያዩ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«ኮምፒውተሩ ተጨናንቆ ነበር። ቁጥሮቹን ወደ ሙሉ ቁጥር ቀይር ብዬ አዘዝኩት። ወደ ቅርቡ የሚያጠጋጋ መስሎኝ! ከነጥብ በኋላ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ጣለው። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ የነበረው ሁሉ ዜሮ ሆነ።»

«ይመልሱታ!»

ትእዛዙን ጻፉ። ስክሪኑ መለሰ፦ «ትእዛዝ የምቀበለው ከሕያው ሰው ነው።»

ምንትዋብ ክንዷ ላይ የታሰረውን መለኪያ አየች። የእሷም ዜሮ ነበር።

«ኧረ እኔ በሕይወት አለሁ! ይኸው ቆሜያለሁ!» ጋሽ ደጀኔ ማሽኑን ይለምኑት ጀመር።

«ጧ» አለ ደግሞ።

ወደ አዳራሹ ሮጠች። ከሣጥኖቹ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ይዛ ጎተተች። አልነቃነቅ አላት። እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ እየጮኸች ደግማ ሳበችው። ተነቀለ። መለኪያው ሲቋረጥ ቧንቧዎቹ በራሳቸው እንዲከፈቱ ነበር የተሠሩት፤ አየሩ እያፏጨ ተመለሰ።

አየራቸው ቀድሞ የተዘጋባቸው መንገደኛ፣ ወይዘሮ አበራሽ፣ ግን አልተረፉም። ማርስ ላይ ያለች ልጃቸውን ሊያዩ የተነሡ ሴት ነበሩ።

መለኪያው ስለተቋረጠ ማሽኑ ሕያው ሰው መጠየቁን ተወ፤ ጋሽ ደጀኔ ትእዛዙን ማረም ጀመሩ። «ወደ ላይ ላጠጋጋው? ሁሉም አንድ ይሆናል።»

«ያን ጊዜ ሲሞቱም አናውቅም» አለች ምንትዋብ።

የድሮዎቹን ልኬቶች አብረው ገለጡ። ከተኙትም ከነቁትም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ልኬቱ አንድ የሞላለት ሰው አልነበረም። የሁሉም ሕይወት ማሽኑ ትርፍ ብሎ በጣለው ፍርፋሪ ውስጥ ነበረች።

«ለልጃቸው ማን ይነግራታል?» አሉ ጋሽ ደጀኔ።

ምንትዋብ የደም ሥራቸው ሲመታ እስኪሰማት ድረስ እጃቸውን አጥብቃ ያዘች።