የጋሽ ሀምዱ ጆሮ

ኑርዬ የሞተው ማይክሮፎኑን እንደጨበጠ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ መንዙማና የሰርግ ዘፈን በሚቀዳባት ጠባብ ክፍል ኤሌክትሪክ ይዞት ወለሉ ላይ ተዘርሮ ተገኘ። መርማሪዋ ሰብለወንጌል በሩን አስከፍታ ከሰው ሁሉ ቀድማ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የማይክሮፎኑን ገመድ ነበር፤ ወርቅማ፣ አዲስ፣ ጫፉ ተፈትቶ እንደገና የታሰረ። ነቅላ ከረጢት ውስጥ ከተተችውና ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የክፍሉን ኤሌክትሪክ የዘረጋው ዝናው በዚያው ዕለት ታሰረ። ከተማው ነፍሰ ገዳይ ብሎት አደረ፤ ትናንት አምፖል ያስቀየሩት ሁሉ ሳይቀሩ። ሰብለወንጌልን ይሄ ችኮላ ያንገሸግሻታል።

«በምን ገመድ ነበር የሚቀዳው?» አለቻት የሟችን ሚስት ኢቲሳምን።

«በጥቁሩ፤ ሁሌም በጥቁሩ። ወርቁን ጋሼ ‹ድምፅ ያጠራል› ብለው በውድ ይሸጡታል እንጂ ኑርዬ ‹ልዩነት የለውም› ባይ ነው። ለጁምዓ ዘፋኞቹን ሰብስቦ፣ ዓይናቸውን ሸፍኖ ገመዶቹን በጆሮ ይለዩ እንደሆነ ሊፈትናቸው ነበር። ጋሼንም ጭምር።»

ጋሼ የምትለው የባሏን ታላቅ ወንድም ሀምዱን ነው። ኑርዬን ያሳደገው እሱ ነው፤ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ «ጆሮ ማለት የሱ» ይባልለታል። ሱቁ ከቀረጻው ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል።

«ሱቄ ነበርኩ» አላት ሀምዱ መርማሪዋን፣ ዓይኑን እየጠረገ። «አምባሰልን ሲያዜም በግድግዳው ሰማሁት። በወርቁ ገመድ ነበር፤ ድምፁ ጥርት ብሎ! ወላሂ፣ ይሄ ጆሮ አይሳሳትም።»

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ዝናውም በካቴና መጣ። መጋረጃ ጋርዳ የኑርዬን ቅጂ በአንዱ ገመድ በኩል ከፈተችና «የትኛው ገመድ ነው?» አለች።

«ይሄ ጥቁሩ» አለ ሀምዱ።

ከመጋረጃው ጀርባ ኮሽ ኮሽ አድርጋ ደገመችው።

«አሁን ወርቁ! ይሄ ምን ይጠየቃል?»

መጋረጃውን ገለጠችው። «ገመዱን አልነካሁትም። ሁለቱም ጊዜ ጥቁሩ ነው። እዚህ ተቀምጠው ያልለዩትን በግድግዳ ማዶ አልለዩትም። ወርቁን ያወቁት አይተው ነው፤ እኔ ደግሞ ማንም ሳያየው ነቅዬዋለሁ። የዝናው መስመር ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኝቷል። ኤሌክትሪኩን ወደ ማይክሮፎኑ ያሻገረው የዚያ ገመድ ጫፍ ነው። ያሰረውም፣ የገጠመውም እርስዎ ነዎት።»

ሀምዱ ከመቀመጫው ተነሳ። «በሰው ፊት ደንቆሮ ሊያደርገኝ ነበር! ያለ ጆሮዬ እኔ ማን ነኝ?»

ካቴናው ከዝናው እጅ ወደሱ ተሻገረ። ቅጂው አሁንም ያዜማል። ኢቲሳም ፊቱ ቆመች፤ ከተዳረች ጀምሮ ነፍጋው የማታውቀውን አንቱታ ያን ጊዜ ነፈገችው።

«አንተ! ሲጮህስ? ሲጮህ አልሰማኸውም?»

«ሰማሁት» አለ ሀምዱ።

በዚህኛው ጆሮውን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።