የጎርዳን ደጅ ጠባቂ

በዚያ ማለዳ በሰሌማ ሰማይ ላይ ሁለት ፀሐዮች ወጡ። አንደኛዋ እንደ ወትሮዋ ከምሥራቅ፣ ሁለተኛዋ ግን ከሰሜን፣ ከጎርዳን ተራሮች ጀርባ። ወፎች ከዛፍ ረገፉ፤ የቤተ መንግሥቱ ደወሎች ማንም ሳይነካቸው ጮኹ። ሕዝቡም ምልክቱን ተረዳ። ከተማን በአንድ እስትንፋስ አመድ የሚያደርገውን፣ እስከዚያ ቀን የሰሌማ ነገሥታት ብቻ የያዙትን ነደ ሰማይ፣ ጎረቤቷ ጎርዳንም ለኩሳዋለች።

ሐመልማል ያንን ብርሃን ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች የንጉሡ አባት ባመፀችባቸው በዜማር ከተማ ላይ ጥለውት ነበር። ዜማር የእርሷ አገር ነበረች። ዛሬ የንጉሡን ባለ ክንፍ ድኩላ የምትጋልብ ወታደር ብትሆንም፣ ነፋስ ከደቡብ በነፈሰ ቁጥር የዜማር ሐይቅ ደንገል ይሸታታል፤ እናቷ ከሰገነት ላይ «ሐሙዬ፣ ጀልባዋን እሰሪና ነይ!» ስትላት ትሰማለች። የምትመለስበት ቤት እንደሌለ እያወቀች ትናፍቃለች።

ንጉሥ ሳርዳን መማክርታቸውን ሰበሰቡ። የጦር አዛዡ «ግርማዊ ሆይ፣ ሳይቀድሙን እንቅደማቸው!» አለ። ሌላው «ሰባት ነደ ሰማይ እንለኩስ፤ ያኔ ይፈሩናል» አለ።

ሐመልማል ከጋላቢዎቹ መካከል ወጥታ ተንበረከከች። «ግርማዊ ሆይ፣ ሰባት ብንለኩስ እነርሱ ስምንት ይለኩሳሉ፤ ከዚያም የባሕር ማዶ ነገሥታት ይከተላሉ። ወደ ጎርዳን ይላኩኝ። ሁለቱም እሳቶች ነበልባልን ሁሉ በሚውጠው ሙዳ ገደል ይጣሉ።»

«ማን ያምናቸዋል?» ሲሉ ጠየቁ ንጉሡ።

«ይመኗቸው አላልኩም። የእኛ ሰው በእነርሱ ደጅ ይቁም፣ የእነርሱም በእኛ። እየተያየን እናጥፋው።»

«አባቴ በዜማር ያደረጉት እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል» አሉ ንጉሡ። «ሂጂ።»

አብሯት ሌላው ጋላቢ ጎርፉ በረረ፤ ይወዳታል፣ ትወደዋለችም፣ ግን ተነጋግረውት አያውቁም። በድንበሩ ላይ ባለው የአመድ ሜዳ ሲያልፉ ከሥር ዘንዶ ተነሣባቸው። ጎርፉ አንገቱን ቀላው፤ ግራ እጁን ግን በዚያው አጣ።

የጎርዳን ንግሥት መርሲማ ከዙፋናቸው ሳይነሡ ተቀበሏቸው። «አባቶቻችን በእሳታችሁ ሥር ሲንቀጠቀጡ የት ነበራችሁ? ዛሬ እኩል ስንሆን ነው ሰላም የታያችሁ?»

«እውነትዎን ነው፣ እቴጌ» አለች ሐመልማል። «እኔ ግን የዜማር ልጅ ነኝ። ከሐይቁ ማዶ ሆኜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። ውሃው ነጣ። ከዚያ እናቴን ብጠራት፣ ብጠራት…»

ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። «እሳቱ ቢጠፋም አለኳኮሱን የሚያውቁ ሊቃውንት ይኖራሉ። ዳግም እንዳይለኩሱት ደጃቸውን የሚጠብቅ ሰው ዕድሜ ልኩን እዚሁ ይቀራል። የሚደልሉበትና የሚያስፈራሩበት እንዳይኖር ትዳርም ዘመድም አይኖረውም። ትምያለሽ?»

ሐመልማል ጎርፉን አየችው። ከዚያ ቀኝ እጇን አነሣች። «በዜማር አመድ እምላለሁ!»

ሁለቱ እሳቶች በሁለቱ ሕዝቦች ፊት ሙዳ ገደል ገቡ። ምድር ተናወጠች፣ ጸጥም አለች። ጠላቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። የባሕር ማዶ ነገሥታት ግን ጠባቂ ለመቀበል ገና ያመነቱ ነበር።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ጎርፉ ጠጉሩ ሸብቶ መጣ።

«ሐሙ፣ ዜማር ዘነበ። ሰዎች ጎጆ እየቀለሱ ነው።»

«ውሃውስ?»

«ጠርቷል።»

«ልጆች ይዋኙበታል?»

«ውለው ያድሩበታል ማለት ይቀላል፤ እናቶች ጮኸው ነው የሚያወጧቸው።»

ሐመልማል ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንባ ይዞ መጣ።

«ነይ እንሂድ» አላት በሹክሹክታ። «ድኩላዬ ሁለታችንንም ይችላል።»

ጉንጩን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ብሄድ ነገ ይህን ደጅ ማን ያምነዋል? ሂድ፣ ጎርፉ። ለእኔም ዋኝልኝ።»

የድኩላው ክንፍ ድምፅ ከራሷ በላይ ወደ ደቡብ ራቀ። ቀና ብላ ልታይ ፈለገች። በዚያው ቅጽበት አንድ ሽማግሌ ሊቅ የተሸፈነ ቅርጫት ይዘው ወደ ደጁ ተጠጉ። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ጦሯን በመንገዳቸው ላይ አጋደመች።

«ይቁሙ፣ አባቴ» አለች። «የያዙትን ያሳዩኝ።»