ከግድግዳው ወዲያ ያለው ስክሪን

"ፈጥራ ነው" የምትሉ አትጠፉም። በሉ። እኔም በራሴ ባይደርስ ኖሮ እንደዚያ ነበር የምለው...

እሁድ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ጨለማ የለም፣ መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም። ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። እኔ ጠረጴዛዬ ሥር ተንበርክኬ ገመድ እሰካለሁ።

ሥራዬ በድምፅ የተቀዱ ስብሰባዎችን እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ቢሮው ተዘግቶ ሁላችንም ከቤት መሥራት ከጀመርን ዓመት አልፎናል። አብራኝ ትኖር የነበረችው ጓደኛዬም አግብታ ወጣች። ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ እሰማለሁ... እኔን የሚያወራኝ ግን የለም።

አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ደወለች።

"ምነው ቁንጫ፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?"

ቁንጫ የምትለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ትንሽ ስለሆንኩ።

"አይ እታለም... ዛሬ አፌን ስከፍት ገና መጀመሪያዬ ስለሆነ ነው።"

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር።

በላፕቶፑ ትንሽ ስክሪን ዓይኔ ሲደክም፣ ሁለት ያገለገሉ ትልልቅ ስክሪኖች ገዛሁ። ላፕቶፔ ደግሞ ያለው መሰኪያ አንድ ብቻ ነው። የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከቅጥነቱ የተነሣ "ሽቦ" የምንለው ልጅ፣ መዳፍ የምታህል ጥቁር ሣጥን አቀበለኝ።

"ይቺ ዶክ ትባላለች። ስክሪኖቹን እሷ ላይ ትሰኪያለሽ፣ ከእሷ አንድ ገመድ ወደ ላፕቶፕሽ። በቃ። ሌላውን እሷ ታውቃለች።"

ያን እሁድ እንዳለኝ አደረግሁ። ላፕቶፑን ከደንኩና በስተግራ አስቀመጥኩት። ስክሪኖቹ በሩ። የትኛው ስንተኛ እንደሆነ ለማየት ሴቲንጉን ከፈትኩ። ግራው ላይ 1፣ ቀኙ ላይ 2 የሚል ቁጥር መጣ።

የተሣሉት ሣጥኖች ግን... ሦስት ናቸው።

ሦስተኛው ከቀኙ ስክሪን ቀጥሎ ነው። እዚያ ያለው ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ክፍል የለም፤ አየር ነው። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሕንፃው መጨረሻ ቤት ነው።

ለሽቦ ደወልኩለት።

"ላፕቶፑን ራሱን ቆጥሮ ይሆናል።"

"ከድኜዋለሁ እኮ። ደግሞ ያለው በግራ ነው።"

"እንግዲያው ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪው። ኮምፒውተርም እንደ ሰው ይቃዣል።"

ነቀልኩ። ሰካሁ። አሁንም ሦስት።

የማውዙን ቀስት ወደ ቀኙ ጠርዝ ገፋሁት። መቆም ነበረበት። አልቆመም... ወጣ።

እልህ ያዘኝ። ስሠራበት የዋልኩትን ጽሑፍ ጎትቼ ወደዚያው ሰደድኩት። ገብቶ ጠፋ። መልሼ ሳብኩት። መጣ።

ከመጨረሻው መስመር ሥር እኔ ያልጻፍኩት መስመር ነበር።

"ምሳ አልበላሽም።"

ክው አልኩ።

እውነት ነው... አልበላሁም።

ራሴ ጽፌው ረስቼ ይሆናል ብዬ አጠፋሁት። ተነሥቼ በላሁ። ስበላ ግን፣ እንዳትስቁብኝ፣ ሆዴ ባባ። በላሽ አልበላሽ ያለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው!

ያን መስመር የጻፈልኝ ሰው ቢሆን ኖሮ...

በማግስቱ ጠዋት ባዶ ገጽ ከፍቼ ሰደድኩ።

"መስኮቱን ክፈቺው። ቤቱ ታፍኗል።"

ከፈትኩት።

ማክሰኞ፦

"ማታ ስታለቅሺ ትራሱን አትንከሺው።"

መኝታ ቤቴ ከዚያ ግድግዳ ጋር አይገናኝም። በሩንም ዘግቼ ነው የምተኛው።

በዚያ ቀን ገመዱን መንቀል ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን ከነቀልኩት በኋላ ያለውን ጸጥታ አሰብኩት... እና ተውኩት።

ሐሙስ ገጹ ባዶውን ተመለሰ። ደጋግሜ ሰደድኩት። ባዶ። አንድ ያጠፋሁት ነገር ያለ መሰለኝ። "ይቅርታ" ብዬ ጻፍኩ፤ ለማን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ።

መልሱ መጣ።

"ትናንት በስልክ ብዙ ሳቅሽ።"

ትናንት ያወራሁት ከእህቴ ጋር ነበር።

ያን ዕለት ማታ እንደገና ስትደውል አልሳቅሁም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

"እኛማ ደህና ነን" አልኳት።

"እናንተ?... እናንተ ማንና ማን?"

ሥራ አለብኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሳትነግረኝ መጣች። ትልቅ ሻንጣ ይዛለች። አቅፋኝ ጀርባዬን ዳበሰችና፣

"አጥንት ብቻ ሆነሻል እኮ! ቆይ የሚበላ ነገር ልሥራልሽ" ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

እኔ ወደ ጠረጴዛዬ ሮጥኩ። ገጹን ሳብኩት።

"እሷ ትሂድ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጻፍኩ።

"ለምን?"

ሰደድኩት። ሳብኩት።

"ልትወስድሽ ነው የመጣችው። ሻንጣው ባዶ ነው።"

ዞሬ ሻንጣውን በአንድ ጣቴ አነሣሁት። እንደ ላባ ቀለለኝ።

"ቁንጫ..."

እህቴ ከኋላዬ ቆማለች። አንብባዋለች።

"ማነው ይሄ?" አለች በሹክሹክታ።

"አላውቅም።"

"ስንት ጊዜው?"

"ሳምንቱ።"

"እና ዝም አልሽ?"

"ያናግረኛል እኮ... እታለም።"

ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ጠረጴዛው ሥር ገብታ የዶኳን ገመድ መንጭቃ ነቀለችው።

ሁለቱም ስክሪኖች ጨለሙ። ውጭ ዝናብ መጣል እንደ ጀመረ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ልትነሣ ስትል ግድግዳውን ተደገፈች። ወዲያው እጇን እሳት እንደ ነካው ሰው ሰበሰበችው።

"ነይ... ንኪው።"

ነካሁት። ሞቋል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ስክሪን ጀርባው እንደሚሞቀው ዓይነት ሙቀት። መዳፌን ወደ ጎን ሳንሸራትት በረዶ ነው። ወደ ላይም በረዶ። ሙቀቱ አራት ማዕዘን ነበረው።

ከዚያ... ከመዳፌ ሥር... በጣም በቀስታ... ወደ ታች ተንሸራተተ።

"ምንም አትያዢ" አለች እህቴ። ድምፅዋ ተሰብሯል። "ሻንጣውን ተዪው። ነይ ውጪ!"

ደረጃውን እንዴት እንደወረድን አላውቅም። እሷ በነጠላ ጫማ፣ እኔ በባዶ እግሬ።

ከሕንፃው ወጥተን በጎኑ ስንታጠፍ ቀና ብዬ አየሁ። በዚያ በኩል አንድም መስኮት የለም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በዝናብ ርሶ ጠቁሯል።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ካለች አንዲት ቦታ በቀር።

ቦታዋ ደረቅ ነች። አራት ማዕዘን። ነጭ።

"አትዪው" አለችኝ እህቴ፣ ራሷ ዓይኗን መንቀል አቅቷት።

እያየነው ወረደ። ያለፈበት ቦታ ወዲያው ይረጥባል፣ ከፊቱ ያለው ይደርቃል። አይቸኩልም። አንደኛውን ፎቅ አለፈ... እኛ ቁመት ላይ ሲደርስ ቆመ።

እህቴ ክንዴን ስትጎትተኝ ነው እጄ ወደ እሱ ተዘርግቶ እንደነበር ያወቅሁት።

ዝናቡ በረታ። ፀጉራችን፣ ልብሳችን፣ አስፋልቱ፣ ሁሉም ነገር ራሰ። ፊት ለፊታችን ያለችውን ነጭ ቦታ ግን... አንዲት ጠብታ አልነካቻትም።