አስባ አልጨረሰችም

ሙስዐብ ዘይናን የወደዳት ፊቷን ሳያይ ነው። ያየው የአንጎሏን ሞገድ ነበር።

የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት ሽቦ የተንዠረገገበት ቆብ ከዩኒቨርሲቲው ተውሶ ከሚሴ ገባ፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየቀላቀለ የሚያወራ ሰው አንጎል እንዴት እንደሚሠራ ሊለካ። ለሴቶቹ ቆቡን የምታጠልቅላቸው ነርሷ አሻ ናት፤ እሱ ከመጋረጃው ወዲህ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ይጠይቃል።

ሌላው ሰው ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። ዘይና ግን ዝም። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ይርመሰመሳሉ፤ እሷ ዝም።

«እህቴ፣ ተኛሽ እንዴ?»

«ጠየቅከኝ አይደል? እያሰብኩ ነው። ሌሎቹ ሳያስቡ ነው የሚመልሱልህ?»

አሻ ከመጋረጃው ወዲያ በሳቅ ፈረሰች።

ዘይና ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። አምና የአንድ ነጋዴ ሽማግሌዎች ሊያጯት መጥተው ፈቃዷን ሲጠይቋት ዝም አለች። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነውና ዱዓ ተደረገ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ሽማግሌዎቹ ባጃጅ ሲሳፈሩ ከኋላ ሮጣ ደረሰች። «አልፈልግም!» ከዚያ ወዲህ ስሟ «ዘገምተኛዋ» ሆነ። ጠያቂም ቀረ።

ሙስዐብ ይህን ከአሻ ሰምቶ፣ ውጤቷን ይዞ ሱቋ ሄደ።

«ዘገምተኛ ናት ይላል?» አለችው፣ ወረቀቱን ሳትነካ።

«እንደዚያ አይልም። የጣት አሻራ እንደሚለያይ የአንጎልም ትስስር ከሰው ሰው ይለያያል ነው የሚለው። አንቺ ዝም ስትይ ውስጡ የገበያ ቀን ነው።»

«አስተማሪህስ ምን አለ?»

«‹የጥናቱን አማካይ ታበላሻለች፣ አውጣት› አለኝ። አማካይ የሚባል ሰው ከሚሴ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ አልኩት።»

ፈገግታዋም ዘግይቶ መጣ፤ እሱ በሩ ጋ ደርሶ ዞር ሲል።

ከዚያ በኋላ የሙስዐብ ሸሚዝ ቁልፍ በየሁለት ቀኑ ይበጠስ ጀመር።

ሦስት ወር ሳይሞላ የእሱ ሽማግሌዎች አባቷ ቤት ተቀመጡ። ሙሽራ ሊሆን ያሰበ ሰው ቤቱ ነው የሚጠብቀው፤ እሱ ግን በሩ ሥር ተደብቆ ያዳምጣል።

«ልጄ ዘይና» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሼህ አቡበከር፣ «ለሙስዐብ ፈቃድሽ ነው?»

ዘይና ዝም።

«አልሐምዱሊላህ! ፈቅዳለች» ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

በሩ ተበረገደ። «ሼሁ፣ ይቆዩ! አስባ አልጨረሰችም!»

«አንተ ልጅ፣ አብደሃል? ተፈቀደልህ እኮ!»

«አልተፈቀደልኝም። ዝም ነው ያለችው።»

ዘይና ቀና ብላ አየችው። እምቢ ብትለው በእነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት ተዋርዶ ይወጣል። ያውቃል። ግን ቆሟል። መልሷን እስክትጨርስ የጠበቃት ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም።

«ኤዬ» አለች በአፋን ኦሮሞ። ቆየት ብላ ደግሞ በአማርኛ፣ ወደ አባቷ ዞራ፣ «እሺ ብያለሁ።»

«አሁንስ ይቻላል?» አሉ ሼሁ ሙስዐብን። እጃቸው እንደተዘረጋ ነበር።

ሙስዐብ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። መልሷ አርባ አንድ ሰከንድ ፈጅቶባታል።

ጥናቱ ውስጥ ግን አላስገባውም።