የድልድዩ ጠባቂ ደብተር

ማተሚያ ቤታችን የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው። ብብቷ ሥር በእጅ የተጻፈ ወረቀት፣ እጇ ላይ ደግሞ የመጫወቻ ካርታ ይዛ ነበር።

«ቁማር ነው?» አልኳት።

«ጨዋታ ነው። ለአንድ ሰው።»

«አንድ ሰው ከማን ጋር ይጫወታል?»

«ከደብተሩ ጋር።»

ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልተቀየመችኝም። ካርታውን የማጠፊያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና አስረዳችኝ። ተጫዋቹ የአንድ ድልድይ ጠባቂ ይሆናል። ዳይስ ይጥላል፤ የወጣው ቁጥር ማን እንደመጣ ይነግረዋል። ከዚያ ካርታ ይስባል። ቀይ ከወጣ የመንገደኛውን ጉድለት ይጽፋል፣ ጥቁር ከወጣ ለምን እንደሚያሳልፈው ይጽፋል። አሸናፊ የለም። ሲያልቅ በእጅህ የሚቀረው የተጻፈ ደብተር ብቻ ነው።

የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። በምሳ ሰዓቷ እየተቀመጠች እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ትፈጥራለች። ከዚህ በፊት ሦስት ሠርታ በእጇ እየገለበጠች ለሚወዱት ሰዎች ሸጣለች፤ ይህን ግን በመጽሐፍ ልታሳትመው ነው የመጣችው።

«አንተስ አትሞክረውም?» አለችኝ በሌላ ቀን።

«እኔ መጻፍ አልወድም።»

«ማንም አያነበውም እኮ። ደስ የሚለውም እሱ ነው።»

ወረቀቴን ማጠፍ ቀጠልኩ። ትምህርት ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ መምህር ነው። ከአጎቴ ቤት ሆኜ ለቤተሰቦቼ እልከው የነበረውን ደብዳቤ እንግዳ ሲመጣ ያወጣና «ስሙኝማ» ብሎ፣ የሳትኩትን ፊደል ከነስህተቱ እየጎተተ ያነበው ነበር። አንድ ቀን ድንገት ስገባ ደረስኩበት። እናቴም ጭምር ትስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሥራ ትእዛዝ በቀር አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሥራዬ ጥረዛ ነው፤ የሌላውን ሰው ጽሑፍ አጥፋለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እለጥፋለሁ። የማተሚያ ቤታችን ልጆች «ሙጫው» ይሉኛል።

እሷ ግን «ሙጫው» ብላኝ አታውቅም። ስድስት ሳምንት ተመላለሰች። የመጣችበት ጉዳይ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሆኖ ሳለ ግማሽ ሰዓት ትቆማለች። እኔ ወረቀት ሳጥፍ እጄን ታያለች፤ ቀና ስል ዐይኗን ወደ መስኮቱ ታሸሻለች። ልቤ መኮብለሉን ያወቅኩት በማትመጣበት ቀን ሥራው ሲረዝምብኝ ነው።

በመጨረሻ መጽሐፉ ላይ አንድ ነገር ጨመረች። ገዢው አጨዋወቱ እንዲገባው ራሷ ተጫውታ የጻፈችው ስምንት ገጽ ነው። የሙከራው ቅጂ ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ገና አልታጠፈም ነበር። አምስተኛው ገጽ ላይ ዐይኔ አረፈ።

«ዛሬ የመጣው መንገደኛ ጣቶቹን ሙጫ የነካው ሰውዬ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። ያልገባው እንዳይታወቅበት ቀድሞ ይቆጣል።»

ጆሮዬ ጋለ። እኔን ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ እጄን ስታይ የነበረው ለዚህ ኖሯል አልኩ።

በምሳ ሰዓት መጣች። የሠርግ መጥሪያ የሚጠብቅ ሰውዬና የፈተና ወረቀት ሊያባዙ የመጡ ሁለት መምህራን ነበሩ። ወረቀቱን ሁለት እጄን ዘርግቼ ያዝኩት።

«ስሙኝማ» አልኩ።

ድምፄን አቅጥኜ አነበብኩ። ስለ መንገደኛው የጻፈችውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያገኘሁትንም ሁሉ አነበብኩ። «ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እዚህ ድልድይ ላይ ለእኔ ብሎ የመጣ ሰው የለም» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት፣ ምክንያቱም ባለ መጥሪያው ስቆልኛል።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ቀስ ብዬ ስለማነብ ታገሺኝ።»

መምህራኑም ሳቁ። እሷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በሩን እንኳ በቀስታ ነው የዘጋችው።

ጋሼ፣ አለቃዬ፣ ከመቁረጫው ማሽን ጀርባ ሆኖ ያይ ነበር። አልተቆጣኝም።

«እጠፈው» አለኝ ብቻ።

አንዴ አጠፍኩ፣ ደግሜ አጠፍኩ፣ ገጾቹ ተራቸውን ያዙ። ባልታጠፈ ወረቀት ላይ አምስተኛው ገጽ በፊት፣ ስድስተኛው በጀርባ ነው የሚታተመው። ይህን ሥራ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ማንም ደንበኛ ቢሳሳት «ሳይታጠፍ አይነበብም» ብዬ የማርም እኔ ነኝ።

ስድስተኛው ገጽ እንዲህ ይላል። «ጉድለቱን የጻፍኩት ካርታው ቀይ ስለሆነ ነው። አሁን ጥቁር ወጣ። ለምን ታሳልፊዋለሽ ይለኛል። ወረቀት ሲያጥፍ እጁን ካየሁ ቀን ጀምሮ በሩ ክፍት ነው። ሌላ መንገደኛ እንዲመጣብኝም አልፈልግም።»

ጋሼ ከጀርባዬ ቆሞ በትከሻዬ በኩል አነበበ። «አይ አንተ» አለና ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ቀን ክሊኒኩ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በአራተኛው ገባሁ። መቀመጫው ሁሉ ጉንጫቸው ባበጠ ሰዎች ሞልቷል።

«ቁጥር ወስደሃል?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ጥርሴን አሞኝ አይደለም።»

«እንግዲያው መንገድ አትዝጋ።»

«ሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ፣ ሰው ፊት ነው የምናገረው። አጥፍቻለሁ። ወረቀቱን ሳላገላብጥ ነው ያነበብኩት። ባገላብጠውም እንደዚያ ማድረግ አልነበረብኝም።»

ጥግ ላይ ጉንጫቸውን የያዙ አንዲት እናት «ይሄስ ከነቀላ ይብሳል» አሉ።

እሷ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቂም የያዝኩብህ እንዳይመስልህ። ካርታ ስስብ ያንተ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። ያን ያቀጠንከውን ድምፅ። አንድ መስመር መጻፍ አልቻልኩም። የጀመርኩትን አዲሱን ጨዋታም ትቼዋለሁ።»

ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ማን እንዳስያዘኝም አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ማጋባት እንደምችል ግን አላውቅም ነበር። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቀጣይ፣ አርባ ሁለት ቁጥር።»

እሑድ አድራሻዋን ከትእዛዝ ወረቀቱ ላይ አግኝቼ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ ቤታቸው ሄድኩ። ራሴ የጠረዝኩትን መጽሐፏን፣ ዳይስ፣ ካርታና አንድ ባዶ ደብተር ይዣለሁ። በሩን እናቷ ከፈቱልኝ፤ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው።

«ምን ፈልገህ ነው ልጄ?»

«ልጫወት።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ፣ ያ ሰውዬ መጥቷል» ብለው ተጣሩ።

«አልጫወትም» አለች ብቅ ብላ።

«አንቺ አትጫወቺ። የምጫወተው እኔ ነኝ፣ እዚሁ፣ እያየሽኝ። ከፈለግሽ ሳቂብኝ።»

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዳይስ ጣልኩ፣ ካርታ ሳብኩ። ቀይ ወጣ። ጻፍኩ። ፊደሉ ተንጋደደ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አየችኝ እንጂ አልሳቀችም፣ ደብተሩን ለማየትም አልተንጠራራችም።

ስወጣ በሩ ላይ «ስድስተኛው ገጽ ላይ የጻፍሽው...» ብዬ ጀመርኩ።

«አሁን አትጠይቀኝ።»

በሁለተኛው እሑድ የራሷን ካርታ ይዛ ተቀመጠች። ትስባለች፣ ታያለች፣ መልሳ ትደፋዋለች። እርሳስ አላነሳችም። በሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። እናቷ ከልብስ መስፊያው ጀርባ ታዘቡን።

«ሁለት ሰው አንድ ጠረጴዛ ከቦ ለየብቻው ሲጫወት ያየሁት ገና አሁን ነው። ኧረ ተነጋገሩ፣ ቤቱ ሐዘን ቤት መሰለ።»

«እማዬ፣ ጨዋታው እንዲህ ነው።»

«እንግዲያው አስጨናቂ ጨዋታ ነው።»

በአራተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስለ አንድ ዐይነ ስውር መንገደኛ እየጻፍኩ ሳለ፣ ከፊት ለፊቴ የእርሳስ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ጫር አደረገና ቆመ። ከዚያ ደግሞ ጀመረ፣ አሁን ረዘም አለ።

ቀና አላልኩም። ቀና ብል ታቆማለች ብዬ ፈራሁ። የምጽፈው አልቆብኝ ነበር፣ ግን የእኔ እስክሪብቶ ዝም ካለ እየሰማኋት መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ስሟን ጻፍኩ። ቀጥሎም ስሟን ጻፍኩ፣ እስከ ገጹ መጨረሻ፣ ከዚያም ገልብጬ በጀርባው።