የዘጋው እጅ ይክፈተው

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኀ ሚያዝያ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ የኦሞ ወንዝ ገና በአልጋው ረግቶ ተኝቶ ነበር፤ ዳሰነቾችም የወንዝ ዳር ማሽላቸውን ሰብስበው፣ በእንጨት እግር በቆሙት ጎተራዎቻቸው ከትተው ነበር። ከኦሞራቴ ከተማ በታች፣ ወንዙ ተበታትኖ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ስፍራ፣ ባላገሩ «የጉማሬ ጀርባ» የሚላት አንዲት ደሴት ነበረች። ጤና ጣቢያ የላት፣ ስልክ አይደርስባት፤ በሽታ አንዴ የገባባት እንደሆነ ግን ማን ይደርስላታል? የዚያን ሰሞን የኦሞራቴን ሹማምንት እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነበር።

ወደ ደሴቲቱ የጤናውን ነገር ይዛ የምትመላለሰው ሲስተር ተናኜ ፋንታሁን ነበረች። አያቶቿ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የከተሙ ናቸው፤ እርሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚያው ጂንካ ነው። ቁጡ፣ አፈ ፈጣን፣ ሳሙና ይዛ የተወለደች የምትመስል ሴት ነበረች። የደሴቲቱ ልጆች «ሲስተር ታጠቡ» ይሏታል፤ ጀልባዋ ገና ብቅ ስትል እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይጠብቋታል። እርሷም «መዳፉን ተዉት፣ ጥፍሩን አሳዩኝ!» ትላለች እንጂ ጥርሷን አታሳይም። በልቧ ግን ትወዳቸው ነበር፤ ይህንንም እነርሱ ያውቃሉ።

በዚያ ሚያዝያ ሽማግሌዎቹን ከዛፍ ጥላ ሥር አራርቃ አስቀምጣ ስለ ወረርሽኙ ነገረቻቸው። የሚያስተረጉምላት ባሮክ የተባለው የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር፤ እርሱ የዳሰነች ተወላጅ ነው፣ ኦሞራቴ ባለች ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ፣ ሚስቱና ልጆቹ ግን በዚያችው ደሴት የሚኖሩ። የደሴቲቱ ታላቅ ሽማግሌ ናኩዋ አገጫቸውን በበትራቸው ላይ አሳርፈው ሲያዳምጡ ቆዩና ጠየቁ።

«ይህ በሽታ በራሱ እግር ይመጣል ወይስ በሰው?»

«በሰው ነው አባባ። በሰው ትንፋሽ።»

«እንግዲያማ መንገዱን እንዝጋው።»

አንድ ትልቅ የግራር ቅርንጫፍ፣ እሾሁ እንደ ጣት የረዘመ፣ ወደ ጀልባ መውረጃው አስመጡ። የዚያች ደሴት ሰዎች እሾህ በመንገድ ላይ ካኖሩ በኋላ ያኖረው እጅ ራሱ ካላነሳው በቀር ማንም አይደፍረውም፤ ሌላ ሰው ቢያነሳው ክፉው ወደ ልጆቹ ይዞራል ይላሉ። ናኩዋም ወደ ተናኜ ዞረው፣ «ሕጉን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ በእጅሽ አኑሪው» አሏት። ክብር ተሰማት፤ ማንስ ቢሆን ክብር አይሰማውም? ቅርንጫፉን ከችካሉ ጋር አሰረችው። አስራም ዝም አላለችም፤ «ስሜን ጠርቶ፣ ሲስተር ልካኝ ነው ብሎ የሚመጣ ነጋዴ አይጠፋም፤ እኔ ራሴ ቆሜ ካላያችሁኝ አንድም ሰው እንዳይገባ፣ አንድም ሰው እንዳይወጣ» አለች። እነሆ፣ ራሷን ያሰረችበት ገመድ ይህ ነው።

ከዚያ ሽማግሌው እንደ ወጉ በአፋቸው ውሃ ይዘው እንትፍ ብለው ሊመርቋት ተጠጉ። ተናኜ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ይቅር አባባ! በሽታው በምራቅም ይተላለፋል።»

ናኩዋ ውሃውን መሬት ላይ ተፉትና ደንግጠው አዩዋት። «ያለ ምርቃት በውሃ ላይ ትሄጃለሽ?»

«በሽታው ሲያልፍ ይመርቁኛል።»

«ቀጠሮ ነው?»

«ቀጠሮ ነው አባባ።»

ከዚያ ወዲያ ባሮክ ጨውና ሳሙና፣ ዱቄትም እየጫነ በአሸዋው ደለል ላይ ያራግፍና ይመለሳል፤ ባላገሩም እርሱ ከራቀ በኋላ መጥቶ ያነሳል። ሚስቱን የሚያያት ከውሃ ማዶ ነበር፤ ትንሹ ልጁ መራመድ የጀመረውም እርሱ ከጀልባው ላይ ቆሞ እያየ ነው። በወረዳው ሁሉ እንደዚያች ደሴት ሕጉን ያከበረ አልነበረም፤ የጤና ሰዎችም በየስብሰባው እርሷን ምሳሌ አድርገው ያወሷት ነበር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል አበሻ። ነሐሴ ገባ፤ በደጋው የጣለው ዝናብ ሁሉ ተጠራቅሞ ኦሞ ከአልጋው ተነሳ። ያን ጊዜ ተናኜ የት ነበረች? ጓንትና መድኃኒት ልታመጣ ጂንካ ወጥታ፣ አብራው የተሳፈረችው ሾፌር በሽታው ተገኝቶበት፣ ለይቶ ማቆያ በተደረገ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ገብታ ነበር። ናሙናዋ ወደ ሩቅ ከተማ ተልኳል፤ ውጤቱ ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ይቆያል። በዚህ መሃል የወረዳው ግብረ ኃይል ሰብሳቢ አቶ መኮንን ደወሉላት።

«ሲስተር፣ የጉማሬ ጀርባ እየሰጠመች ነው።»

«ጀልባ ይላኩ እንጂ!»

«ልከን ነበር፤ መለሱት። ዳግመኛም ላክን፤ መለሱት። ሽማግሌው እሾሁ አጠገብ ቆመው ‹የዘጋው እጅ ይክፈተው› ይላሉ። ባሮክን እንኳ አላስጠጉትም፤ ሚስቱ ከማዶ እያለቀሰች።»

«ድምፄን ይቅዱና ያሰሟቸው።»

«ባለፈው ለሌላ ጉዳይ በስልክ የላኩልንን ድምፅዎን አሰማናቸው እኮ! ‹ድምፅ እሾህ አያነሳም› አሉ። ደግሞ ‹ስሜን ጠርቶ የመጣውን አትመኑ ያለችን ራሷ ናት› አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኚህ ሰውዬ ግን ሞኝም ወረቀትም አይደሉም፤ ምን ላድርጋቸው?»

«በግድስ?»

«በግድ ብንል ልጆቹን ይዘው ሸምበቆው ውስጥ ይበተናሉ። ያኔ ማን ይሰበስባቸዋል?»

ተናኜ ስልኩን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከማለዳ ጀምሮ ጉሮሮዋን እየከረከራት ነበር፤ ፍርሃት ይሁን በሽታ አላወቀችም። ግንባሯን በእጇ ጀርባ ዳሰሰች፤ የገዛ እጅ መቼም ለገዛ ግንባር ዳኛ አይሆንም። ብትሄድ በሽታውን፣ ያውም ለሽማግሌ የሚጨክነውን በሽታ፣ በእጇ ልታስገባላቸው ነው፤ ብትቀር ውሃው ሊወስዳቸው ነው። ወይ አበሳ! የእነዚያ ልጆች ወደ ላይ የተዘረጉ እጆች በዓይኗ ላይ መጡባት።

«መኪና ይላኩልኝ አቶ መኮንን። ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ ነው የምቀመጠው፤ ሾፌሩ መስኮቱን እንዳይከፍት።»

«እኔ ፈቀድኩ አልልም ሲስተር። ሕግ ነው።»

«አይበሉ። መኪናው ብቻ ይምጣ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ መኪናው ደረሰ። የአዳራሹ ጠባቂ አቶ አበጀ፣ ከአሪ ወገን የሆኑ ገበሬና የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ፣ ቁልፉን በእጃቸው እያገላበጡ ነገሯን ሁሉ በመስኮት አዳመጡ።

«እንግዲህ አላየሁም እንድል ነው የሚፈልጉት?»

«አዎ።»

«አልዋሽም። አይቻለሁ፤ በሩንም የከፈትኩት እኔ ነኝ ነው የምለው» አሉና ቁልፉን አዞሩ። «ጸሎት ላድርግልዎ?»

«ከሩቅ ያድርጉልኝ» አለች፤ እያለቀሰች ሳቋ መጣ።

ጭምብል በጭምብል ደርባ፣ ብቻዋን ከጭነቱ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ወረደች። አልዱባ ላይ ገበያ ነበር፤ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍጎ ሲገበያይ አይታ «ኧረ ተራራቁ! ኧረ በሕግ!» ብላ ብትጮህ ማን ይስማት? አቧራው ከበዳትና ሳለች። እንደገና ሳለች። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ የሳሏን ድምፅ ስታዳምጥ ነበር የሄደችው፤ አቧራ ነው፣ አይደለም፣ አቧራ ነው እያለች።

ኦሞራቴ ስትደርስ ባሮክ ከወንዙ ዳር ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ከኋላው ሰው የሚያወጡ ሌሎች ጀልባዎች ተደርድረዋል።

«ባሮክ፣ እኔ ታምሜ ሊሆን ይችላል። ከእኔ ጋር ከተሳፈርክ ሚስትህንና ልጆችህን ማቀፍ የለም፤ አንተም ለብቻህ ትቀመጣለህ።»

«እስካሁንስ መች አቀፍኳቸው?» አለና ጭምብሉን አጠበቀ። «ከፊት ተቀመጪ፤ እኔ ከኋላ። ነፋሱ ከጎን ነው።»

የጉማሬ ጀርባ ስሟ ብቻ ቀርቷል። ጎተራዎቹ በእንጨት እግራቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ሰውና ፍየል በቀረችው ጉብታ ላይ ተጨናንቋል፤ እናቶች ሕፃናቱን በትከሻቸው ተሸክመዋል። የጀልባ መውረጃው ጠፍቷል፤ ከወደ ጫፉ ግን ያ ችካል፣ ያም የግራር ቅርንጫፍ፣ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ናኩዋ ከእሾሁ ወዲያ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ነበር። ተናኜን ሲያዩ በትራቸውን አነሱ፤ ልጆቹ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«መጣሽ!» አሉ ሽማግሌው፤ ባሮክ ተረጎመ። «ነይ፣ ውረጂ፣ በእጅሽ አንሺው።»

«አልወርድም አባባ! በሽታው በእኔ ላይ ሊኖር ይችላል። አይጠጉኝ!»

ከጉብታው ላይ ጉርምርምታ ተነሳ። ናኩዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጅ የዘጋውን እጅ ይከፍተዋል አሉ፣ ሌላ ቃል የላቸውም። ውሃው ሲያዩት ይጨምራል። ተናኜ ወዲያ ወዲህ ብላ፣ ባሮክ ጀልባውን ከደለል የሚገፋበትን ረጅም ዘንግ አየች፤ ወስዳም ጫፉን ከቅርንጫፉ ሥር ሰደደችው።

«አባባ፣ ዘንጉን የያዘው የማን እጅ ነው?»

ሽማግሌው ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ያንቺ ነው» አሉ።

በሙሉ ጉልበቷ ፈነቀለችው። ማሰሪያው ተበጠሰ፤ ቅርንጫፉ ተገልብጦ ወንዙ ወሰደው። ከጉብታው እልልታ ወጣ፤ ጀልባዎቹም ከኋላ ሞተራቸውን እያስጮሁ ገቡ። ያን ጊዜ ናኩዋ ጎንበስ ብለው በአፋቸው ውሃ ሞልተው፣ ጉንጮቻቸው ተነፍተው፣ ደረታቸው እስኪሰጥም ውሃውን እየሰነጠቁ ወደ እርሷ መጡ። ቀጠሮአቸው ነበራ!

«አይሆንም! አባባ አይሆንም! ባሮክ ንገራቸው!» ብላ ዘንጉን በመካከላቸው ዘረጋችው።

የዘንጉ ጫፍ ደረታቸው ፊት ቆመ። በዚያ አገር የሽማግሌን ምርቃት በእንጨት የመለሰ ሰው ታይቶ አያውቅም፤ እልልታው ጸጥ አለ። ናኩዋ አዩዋት፤ ከጭምብሉ በላይ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ነበር። ከዚያ ውሃውን ዋጡት። ዞረው ወደ ጉብታው ተመለሱ፣ ከሰዉ ሁሉ በኋላም በመጨረሻው ጀልባ ወጡ።

ተናኜ በዚያው መኪና ወደ ጂንካ ተመልሳ፣ አዳራሿ ውስጥ ገባች። ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ተቀበለችው። ከሰነበተ በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ከበሽታው ነፃ ናት። ያቺን ቃል ስትሰማ ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ምርር ብላ አለቀሰች። አውቃ ቢሆን ኖሮ!

በጥቅምት ወደ ሥራዋ ስትመለስ ባሮክን የኦሞራቴ ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ያን ዘንግ ይዟል።

«አባ ናኩዋ ሞቱ» አላት። «ከወንዙ ራቅ ካለ ከፍታ ላይ ከሰፈርን በኋላ ወባ ያዛቸው። ሳይሞቱ ይህን ዘንግ አስመጡና ‹እጇ የነበረው የት ላይ ነው?› አሉኝ። አሳየኋቸው። በአፋቸው ውሃ ይዘው እዚያ ላይ እንትፍ አሉበት። ‹እሾሁን በዚህ ካነሳች ምርቃቱንም በዚህ ትቀበል፤ ቀጠሮ አለን› አሉ። ስጣት ብለውኛል።»

የዚያ ዓመት ነገር ሲወሳ የወረርሽኙ አዋጅ ይወሳል፤ በጎርፉ የተፈናቀለው ሕዝብና ያለቀው ከብትም ይወሳል፤ ይህም መወሳቱ ተገቢ ነው። ስለ አንዲት እሾህ ግን የጻፈ የለም፤ ደሴቲቱም ከዚያ ወዲህ ከውሃው በላይ አልታየችም። ሕግን ማክበርና ሰውን ማዳን አንድ ቀን ፊት ለፊት ቆመው መካከላቸው የአንድ ዘንግ ርዝመት ብቻ እንደነበረ ታሪክ አላስታወሰም። የሚያስታውሱት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም የሚያስታውሱት ይህን ነው፤ ሲስተር ታጠቡ ዘንጉን ሽማግሌው ምርቃታቸውን ካሳረፉበት ስፍራ ላይ በሁለት እጇ ያዘችው፤ የዚያን ዕለትም እስኪመሽ ድረስ እጇን አልታጠበችም።